«እንኳን» ብሎ መጻፍ የማይችል ፎንት አልጭንም

የምርቃት ሰሞን ሀዋሳ ምን እንደምትመስል የምታውቋት ታውቃላችሁ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጋዋን በለበሰ ልጅ፣ አበባ በታቀፈች እናት፣ ካሜራ ባንጠለጠለ ፎቶ አንሺ ይሞላል፣ ባጃጁ ሁሉ ተመራቂ ነው የሚያመላልሰው፣ እኔ ደግሞ እቤቴ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፌ ከወረቀትና ከከተር ጋር ነው የማድረው። ካርድ፣ የግድግዳ ጽሑፍ፣ የኬክ ቶፐር (ኬክ ላይ የሚሰካ ጽሑፍ)፣ የሠርግ ጥሪ፣ የክርስትና ከረሜላ ላይ የሚለጠፍ ስም፣ በቃ ወረቀትና ፊደል የተገናኙበት ነገር ሁሉ የኔ ሥራ ነው።

አምና አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ልትመረቅ ስለነበር ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ጽሑፍ አዘዙኝ። ዘጠኝ ፊደል ነው፣ አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ኤፎር፣ ወርቃማ ወረቀት። በዛው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ አዲስ ፎንት፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚጫን የፊደል መልክ፣ አግኝቼ ነበር፣ ወፍራም፣ ጥጋጥጉ ክብ ክብ ያለ፣ ሲያዩት የሚበላ ዳቦ የሚመስል፣ በጣም ነበር የወደድኩት፣ እና ሳላገላብጥ በሱ ጽፌ ፕሪንት አድርጌ ሌሊቱን ስቆርጥ አድሬ ጠዋት ወስጄ ሰቀልኩላቸው። እትዬ ቡና እየቆሉ ነበር፣ ምጣዱን እንደያዙ ራቅ ብለው አዩትና «የኔ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ግን ይቺ ሦስተኛዋ ከሌላ ቤት የመጣች አትመስልም?» አሉኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። እውነታቸውን ነው። «እ» ወፍራም፣ «ን» ወፍራም፣ ከዛ «ኳ» ቀጭን፣ ጫፏ ሹል፣ ቁመቷም ከጎረቤቶቿ ትንሽ አጠር ያለ፣ ከዛ እንደገና «ን» ወፍራም። ኮምፒውተር ላይ ዘጠኙም ፊደል በአንድ መስመር ትንንሽ ሆነው ስለነበር ዓይኔ አልያዘውም፣ ስቆርጥም አንዱን ወረቀት ከሌላው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አላየሁም። ፊቴ ነደደ። ባጃጅ ይዤ እቤቴ ተመለስኩ፣ የዛኑ ፎንት «ካ» አውጥቼ እግሯ ስር አግድም ሰረዝ በእጄ ስዬ «ኳ» አደረግኳትና ቆርጬ እንግዳ ሳይገባ ደረስኩ። እትዬም ደስ አላቸው። ግን ማታ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እኛ ሀገር ካርድ ላይ ከሚጻፍ ቃል ሁሉ የመጀመሪያው «እንኳን» ነው እኮ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ እንኳን ተወለድሽ፣ እና ይሄን አንድ ቃል አሟልቶ መጻፍ የማይችል ፎንት ኮምፒውተሬ ላይ ምን ይሠራል?

የሆነው ነገር እንዲህ ነው። ያ ፎንት ውስጥ «ኳ» አልተሠራችም። ፎንት ውስጥ የሌለ ፊደል ስትጽፉ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያስገባላችኋል፣ ዊንዶውስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኒያላ ወይ ኢብሪማ ከሚባለው ፎንት ነው የሚበደረው። አይጠይቃችሁም፣ አያስጠነቅቃችሁም፣ ከላይ የፎንቱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይም አንዳንዴ ያው የመረጣችሁት ስም ነው የሚታየው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አይበደርም፣ ባዶ ሳጥን ያስቀምጥላችኋል፣ ሳጥኑ እንደውም ይሻላል፣ ቢያንስ ይታያል። ጀማሪዎች «ያወረድኩት ፎንት አማርኛ ላይ አልሠራ አለኝ፣ ምንም ብቀይር ያው ነው» የሚሉትም ለዚህ ነው፣ ያወረዱት የላቲን፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ፎንት ነው፣ ውስጡ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፣ አስር ጊዜ ፎንት ቢቀያይሩ የሚያዩት ሁሌም ያንኑ የተበደረውን ነው።

ለምን ይጎድላል ካላችሁ፣ አንድ የላቲን ፎንት ለመሥራት ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው፣ ከዛ ቁጥርና ነጥብ። የኛ 33 የፊደል ዘር በሰባት ቤት ሲባዛ ብቻ 231 ነው፣ ከዛ እነ ኳ፣ ቋ፣ ጓ፣ ኋ አሉ፣ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቷ፣ ቿ አሉ፣ ከውጭ ቃል ጋር የመጣችው የ«ቨ» ዘር አለች፣ ከዛ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥር። አንድ ሰው ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየሳለ ይሄን ሁሉ ለመጨረስ ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሰባቱን ቤት ይጨርስና ይደክመዋል። ያንን ሰው አልወቅሰውም፣ እንደውም አከብረዋለሁ፣ ያን ፎንት የሠራውንም ሰው ስሙን ያልጠቀስኩት ለዛ ነው። ግን ከማውረዴ በፊት ምን እንደጨረሰና ምን እንዳልጨረሰ ማወቅ አለብኝ።

ስለዚህ አንድ መፈተኛ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። ስልኬ ላይ ተቀምጧል፣ አዲስ ፎንት ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ ይሄን ነው የምለጥፍበት፦

«እንኳን ደስ አላችሁ! እሷ፣ እናቷና ልጇ ከጓደኞቿ ጋር በቋንቋቸው እየዘፈኑ፣ ቬሎ ለብሰው፣ ኋላ ፓርቲው ላይ ኬክ ቆረሱ።»

ውሰዱት፣ ተጠቀሙበት። ኳ አለበት፣ ሷ፣ ቷ፣ ጇ፣ ጓ፣ ቿ፣ ቋ፣ ቬ፣ ኋ፣ ፓ፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብም አለው። ከስሩ ደግሞ ከ0 እስከ 9 ያለውን ቁጥር ጻፉበት፣ የሠርግ ጥሪ ላይ ቀንና ስልክ ቁጥር መኖሩ አይቀርም፣ አንዳንድ የአማርኛ ፎንት ደግሞ ቁጥር የለውም፣ ከሌላ ቦታ ተበድሮ ያመጣና ቁጥሩ ብቻ ሌላ መስሎ ይቀመጣል። እና ስትፈትሹ ትልቅ አድርጋችሁ እዩት፣ 100 ወይ 150 ሳይዝ፣ በትንሹ ሲታይ ሁሉም ፎንት ሙሉ ይመስላል።

አሁን ወደማግኘቱ። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ጉግል ፎንትስ ነው። እዛ ላይ በጽሕፈት ዓይነት መለየት ይቻላል፣ ኢትዮፒክ የሚለውን ስትመርጡ የኛን ፊደል የያዙት ብቻ ይቀራሉ፣ ከላይ ባለው ሳጥን ደግሞ የራሳችሁን ጽሑፍ ጽፋችሁ ሳታወርዱ ማየት ትችላላችሁ፣ ያንን መፈተኛ እዛው መለጠፍ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ዘጠኝ ዓይነት ውፍረት አላቸው፣ ለወረቀት ሥራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል አለ፣ ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው ግን በብዕር የተጻፈ ዓይነት መልክ ስላለው ለክርስትና ካርድና ለመጽሐፍ ሽፋን በጣም ነው የምወደው። ከቆዩት ውስጥ ዋሸራ በሚል ስም በአንድ ላይ የተለቀቁ አሉ፣ «ጅረት»፣ «ዘላን» የሚባሉት፣ በፊደል ጥበባቸው በሚታወቁት በይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙም አሉበት፣ እነሱ ለርዕስ ያምራሉ፣ የድሮ ጋዜጣና የሱቅ ማስታወቂያ ትዝ ያሰኛሉ።

ቴሌግራም ላይ የፎንት ቻናል ብዙ ነው፣ እኔም ከዛ እወስዳለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ ፋይሉ ቲቲኤፍ ወይ ኦቲኤፍ የሚባለው የፎንት ፋይል መሆን አለበት፣ ወይ እነሱን የያዘ ዚፕ። ፎንት ነው ተብሎ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነ፣ ማለትም ፕሮግራም የሆነ ነገር ከመጣ ሳልነካው ነው የማጠፋው፣ አንድ ጎረቤቴ እንደዛ ከፍታ የስንት ዓመት የልጆቿ ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ ቫይረስ በላባት። ሁለተኛ ቻናሉ የሠሪውን ስም አስቀምጧል ወይ? ስም ከሌለው ፈቃዱን ማወቅ አይቻልም፣ እና ፈቃዱን የማላውቀውን ለሚሸጥ ሥራ አልጠቀምም።

ፈቃድ ያልኩት ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው «ነጻ ነው ስላለ አወረድኩት» ይላል። ነጻ ሁለት ዓይነት ነው። እነ ዳፎንት የሚባሉ የፎንት ማውረጃ ሳይቶች ላይ ስትገቡ እያንዳንዱ ፎንት ጎን የተጻፈ ነገር አለ፣ ለግል አገልግሎት ብቻ ነጻ የሚል ካለ ለእህታችሁ ልደት ካርድ ብትሠሩበት ችግር የለም፣ ካርዱን ከሸጣችሁት ግን አይቻልም፣ ከሠሪው ፈቃድ መግዛት አለባችሁ። ዴሞ የሚል ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፎንቱ ራሱ ጎዶሎ ነው፣ ለቅምሻ ነው የተሰጠው። ፎንት ስኩዊረል የሚባለው ሳይት ለንግድ ሥራ የሚፈቀዱትን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ለላቲን ፎንት እሱን እመርጣለሁ። ከፈቃዶች ሁሉ የምወደው ኦፕን ፎንት ላይሰንስ የሚባለውን ነው፣ እነ ኖቶና አቢሲኒካ በሱ ነው የወጡት፣ ካርድ ሠርታችሁ ትሸጣላችሁ፣ ሎጎ ትሠራላችሁ፣ ፒዲኤፍ ውስጥ ታስገባላችሁ፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ግን የተከለከለ ነው። 231 ፊደል ቁጭ ብሎ የሳለ ሰው «እንካችሁ፣ ሥሩበት» ማለቱ ትልቅ ስጦታ ነው፣ እና ለግል ብቻ ያለውን ደግሞ ቃሉን ማክበር ነው። እኔ የቆረጥኩትን ሰው ፎቶ አንስቶ የራሱ ሥራ ነው ብሎ ቢለጥፈው እንደሚያመኝ አውቃለሁ።

ሀዋሳ ስለሆንን ላቲኑንም መተው አይቻልም። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስ «አይዴ ጨምበላላ» የሚል ካርድና የበር ጽሑፍ በብዛት ይታዘዘኛል፣ ሠርግም ሲሆን ጥሪው በሁለት ቋንቋ ይሁን የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እና ሲዳምኛ ውስጥ በቃል መሃል የምትገባ አፖስትሮፍ አለች፣ ከላይ እንደምትንጠለጠል ትንሽ ጭረት፣ ጌጥ አይደለችም፣ ድምፅ ናት፣ «ስም» የሚለው ቃላቸው ራሱ መሃሉ ላይ አላት። በዴሞ ፎንት መጀመሪያ ከሚቀሩት ነገሮች አንዱ ደግሞ አፖስትሮፍ ነው። አንዴ ተጣጥፎ የሚሄድ የእጅ ጽሑፍ ዓይነት ፎንት አግኝቼ የአንድ ደንበኛዬን ጥሪ ሠርቼ ለማየት ላክሁላት፣ «እህቴ፣ የአባቴን ስም ቆራርጠሽዋል» ብላ መለሰችልኝ፣ አፖስትሮፏ የነበረችበት ቦታ ባዶ ሆኖ ስሙ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ከዛ ወዲህ የላቲን መፈተኛዬ ላይ አፖስትሮፍና ተደጋጋሚ አናባቢ አለ፣ ሁለት ኤ ጎን ለጎን ሲመጡ ያ የሚጣጠፍ ፎንት ይያያዛል ወይስ ይደራረባል የሚለውንም አያለሁ።

አሁን መቁረጥ። ስክሪን ላይ የሚያምር ፎንት ሁሉ ወረቀት ላይ አያምርም። ክሪካት ወይ ሲልዌት የሚባለው መቁረጫ ማሽን ያላችሁ፣ ወይ ስቲከር ቤት ፕሎተር የምታስቆርጡ፣ ወይ እንደኔ በከተር የምትቆርጡ፣ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው።

«መልካም ልደት» ብላችሁ ጻፉ። «መ» ሁለት ክብ አለው፣ «ም»ም ሁለት። ፊደሉን ራሱን ቆርጣችሁ የምትለጥፉ ከሆነ ክቡን ከውስጥ ማውጣት ነው፣ ቀላል ነው። ፊደሉን ከወረቀቱ ላይ አውጥታችሁ ቀዳዳውን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን፣ ማለትም ከኋላ መብራት የሚበራበት ወይ ቀለም የሚነፋበት ከሆነ፣ የክቡ መሃል ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ ይወድቃል። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ፣ ፀ እንደዛ ናቸው፣ ሌ፣ ቤ፣ ኬ ደግሞ እግራቸው ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት አለች፣ እሷ ከሁሉም ታስቸግራለች፣ መሃሏ የምስር ፍሬ ታክላለች። ለነዚህ ድልድይ መተው አለባችሁ፣ ክቡን ከውጩ ወረቀት ጋር የሚያገናኝ ቀጭን መስመር። እኔ ድልድዩን ሁሌም ቁመት ባለው መስመር ላይ ከላይና ከታች አደርገዋለሁ፣ ወደጎን ካደረግኩት ፊደሉ ሌላ ፊደል ይመስላል፣ «ወ»ን ወደጎን ብትሰነጥቁት ማንም በጨረፍታ አያነበውም።

ለኬክ ቶፐር ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገው፣ ፊደሎቹ ሁሉ ተያይዘው አንድ መሆን አለባቸው። የላቲን የእጅ ጽሑፍ ፎንት በራሱ ይያያዛል፣ ፕሮግራሙ ላይ ዌልድ (አዋህድ) የሚለውን መጫን ነው፣ ካልጫናችሁ ማሽኑ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ስለሚቆርጠው የተደራረቡበት ቦታ ላይ ይቆራረጣል። የኛ ፊደል ግን አንዱ ካንዱ አይነካካም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከስር አንድ ወፈር ያለ መስመር አሰምርና ፊደሎቹን እላዩ ላይ አቆማቸዋለሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ ለ፣ ሰ፣ በ ሁለት እግር ስላላቸው በደንብ ይቆማሉ፣ «ወ»ና «ዐ» ግን ታቻቸው ክብ ነው፣ መስመሩን የሚነኩት በአንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ኬኩ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ የሚገነጠሉት እነሱ ናቸው። ፊደሎቹን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር መስመሩ ውስጥ አስምጧቸው፣ ከዛ አንድ ላይ አዋህዷቸው፣ አይገነጠሉም።

እና ውፍረት። ቀጭን ፎንት አንስታችሁ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ያለውን ቦልድ የሚለውን በመጫን አታወፍሩ። ፎንቱ የራሱ ወፍራም ዓይነት ከሌለው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ዙሪያውን ነው የሚያደልበው፣ የ«ሌ» ቀለበት ይደፈናል፣ የ«ጠ» እግሮች ይጣበቃሉ። የኖቶ ዘጠኝ ውፍረት ትልቅ ነገር ነው ያልኩት ለዚህ ነው፣ ወፍራሙ ሲሳል ጀምሮ ወፍራም ሆኖ የተሳለ ስለሆነ ክቡ ክፍት ነው። በከተር ለሚቆረጥ ጽሑፍ እኔ ከወፍራሙ ነው የምነሳው።

አያያዙ ላይ ከብዙ ድካም በኋላ ነው የተስተካከልኩት። በፊት ያገኘሁትን ሁሉ አወርድና እጭን ነበር፣ ከስድስት መቶ በላይ ደርሶ ነበር፣ ወርድ ለመክፈት ቡና ተፈልቶ ይጠጣል፣ የፎንት ዝርዝሩን ወደታች ስገፋ ጣቴ ይደክማል፣ የምፈልገውን ግን አላገኘውም። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው አርባ ገደማ ነው። ሌላው ዲ ድራይቭ ላይ ፎልደር ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ አንዱ አማርኛ ዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ኮምፒውተር የራሱ ቋሚ ቦታ ያለው አሠራር)፣ አንዱ ላቲን፣ አንዱ ተቆርጦ የተፈተነ፣ አንዱ ደግሞ «ለግል ብቻ» የሚል፣ ይሄኛው ለብቻው መሆኑ በጣም ነው የጠቀመኝ፣ ተቻኩዬ ሳለሁ እንኳ እጄ ወደዛ አይሄድም። ዚፑን አልጥለውም፣ ውስጡ ፈቃዱ የተጻፈበት ፋይል አለ። ዚፑ ውስጥ እያለ ግን አትጫኑት፣ መጀመሪያ አውጡት። ቲቲኤፍና ኦቲኤፍ ሁለቱም ካሉት አንዱን ብቻ ጫኑ፣ ሁለቱን ከጫናችሁ ዝርዝሩ ላይ መንታ ሆኖ ይመጣና የቱን እንደተጠቀማችሁ ይጠፋባችኋል። ጭናችሁ ወርድ ላይ ካላያችሁት ወርዱን ዘግታችሁ ክፈቱት።

ዊንዶውስ ላይ ኔክሰስፎንት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ፎንቶቹን ሳትጭኑ ፎልደሩን ብቻ አሳይታችሁት ሁሉንም በራሳችሁ ጽሑፍ ያሳያችኋል። ያንን መፈተኛ ዓረፍተ ነገር እዛ ላይ ለጥፋችሁ መቶውን ፎንት በአንዴ ወደታች ስታዩት «ኳ» የሌለው ወዲያው ይታወቃል። ፎንትቤዝ የሚባለውም አለ፣ ስትፈልጉ አብርታችሁ ስትጨርሱ ማጥፋት ነው። ማክ ያላችሁ ፎንት ቡክ አብሮት መጥቷል። በስልክ የምትሠሩ፣ ፒክሰልላብ የሚባለው አፕ ላይ ፎንቱን ከስልካችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፣ ካንቫ ላይ ግን የራስን ፎንት መጫን የሚቻለው በሚከፈልበት ነው።

አሮጌዎቹንም መርሳት የለብንም። ባለፈው የሰፈራችን የእድር ጸሐፊ የመተዳደሪያ ደንቡን በአዲስ መልክ ሥሪልን ብለው በፍላሽ አመጡልኝ፣ ከፈትኩት፣ ከላይ እስከታች የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አልኳቸው፣ «እኛ ጋ በደንብ ይነበባል እኮ ልጄ» አሉኝ፣ ሁለታችንም ልክ ነበርን። ዩኒኮድ የኛን ፊደል ያስገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ 384 ቦታ ሰጥቶ። ከዛ በፊት የአማርኛ ፎንቶች ለላቲን ፊደል በተመደበው ቦታ ላይ ነበር የኛን ፊደል የሚያስቀምጡት፣ እዛ ደግሞ ያለው ቦታ ቢበዛ 256 ስለሆነ ፊደሎቹን ለሁለት ፋይል የከፋፈሉም ነበሩ። እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በዛ ዘመን ስንቱን መሥሪያ ቤት አማርኛ አስጽፈውታል፣ ባለውለታ ናቸው፣ በኋላም ዩኒኮድ የሆኑትን አውጥተዋል። ነገር ግን በድሮው የተጻፈ ፋይል ያ ፎንት ከሌለ አይነበብም። ስለዚህ አንድ «አሮጌ» የሚል ፎልደር አለኝ፣ አዲስ ሥራ አልጽፍባቸውም፣ የሰው ሰነድ ሲመጣ ጭኜ አንብቤ ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ ነው። የእድሩንም እንደዛ አድርጌ ነው ያዳንኩት።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ፎንቱ ከናንተ ጋር እንደማይሄድ አስታውሱ። ሥራውን በወርድ ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጌ ሄጄ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሌላ ሥራ ሆኖ አውቃለሁ፣ መስመሩ ተገፍቶ የሙሽራው ስም ሁለተኛው ገጽ ላይ ወድቆ። «ወንድሜ ምን ሆኖ ነው?» ስለው «እህቴ፣ ፎንቱ እኛ ጋ የለም፣ ወይ ፒዲኤፍ ወይ ከርቭ አርገሽ አምጪልኝ» አለኝ። ወርድ ላይ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጎ ሴቭ ማድረግ ነው፣ ፎንቱ ውስጡ ይገባል። ኮረል ድሮው ላይ ኮንትሮል ኪው፣ ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል ሺፍት ኦ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል ሺፍት ሲ፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ይቀይሩታል፣ ከዛ በኋላ የትም ኮምፒውተር ላይ ያው ነው። ብቻ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ኮፒ አስቀምጡ፣ ወደ ቅርጽ የተቀየረ ጽሑፍ ላይ የተሳሳተ ፊደል ማረም አይቻልም፣ የሠርግ ቀን ደግሞ ሁሌም ይቀየራል። እኔ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ከፍቼ የሚታረመውን፣ ወደ ቅርጽ የተቀየረውን፣ የተጠቀምኩትን ፎንት ኮፒ አንድ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ከዓመት በኋላ «ያንኑ ድገሚልኝ» ሲሉኝ ሳልጨነቅ እከፍተዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የናሙና ደብተሬ ነው። ተራ ባለመስመር ደብተር ነው፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ በአንድ ፎንት የታተመች «እንኳን ደስ አላችሁ» ተለጥፋለች፣ ጎኗ ላይ በእስክሪብቶ የፎንቱ ስም፣ ከየት እንዳመጣሁት፣ ለሽያጭ ይፈቀዳል አይፈቀድም፣ ተቆርጦ ያውቃል ወይ፣ ጎዶሎ ፊደል አለው ወይ። መብራት ሲጠፋም ደንበኛ መጥቶ ይመርጥበታል። ስልክ ላይ ከማሳየት በጣም ይለያል፣ ሰው ወረቀት በጣቱ እየዳሰሰ ሲመርጥ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

እትዬ ባለፈው ወር መጡ፣ ያቺ የተመረቀችው ልጃቸው ልታገባ ነው። ደብተሩን ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ፣ ገጽ እየገለጡ በየገጹ ሦስተኛዋ ፊደል ላይ ጣታቸውን እያሳረፉ ቆይተው ቆይተው አንዱ ላይ ቆሙ። «ይሄኛው ይሁንልኝ፣ ይሄኛው ቤተሰብ ነው።» አቢሲኒካ ነበር። መቶ ሃያ ጥሪ ነው ያዘዙኝ፣ ወረቀቱን ዛሬ ከፒያሳ ገዝቼ መጥቻለሁ፣ ነገ እጀምረዋለሁ።